ጥጥ፣ ባርነት እና የአሜሪካ ለሁለት መከፈል

ከጥጥ ሥራ ብዙ ጊዜ ከሚፈጁት አንዱ መዳመጥ ነው። የተለቀመው ጥጥ ፍሬው ካልወጣለት አይነደፍም፣ አይፈተልም፣ አይሸመንም። በእጅ መዳመጫ የሠሩ እናቶች ጠንቅቀው የሚያውቁት ይህ ድካም በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የዩናይትድ ስቴትስን ደቡባዊ ግዛቶች እርሻ አስሮ ይዞት ነበር። በባሕር ዳርቻና በደሴቶች ላይ ብቻ የሚበቅለው ረጅም ጭረት ያለው ጥጥ ፍሬው ጥቁርና ልሙጥ ስለሆነ በቀላሉ ይዳመጣል። ወደ መሐል አገር ዘልቆ በሰፊው ሊበቅል የሚችለው ባለ አጭር ጭረት ጥጥ ግን አረንጓዴ ፍሬው ከጥጡ ጋር ተጣብቆ አልለቅ ይላል። አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲፈለቅቅ ቢውል የሚያገኘው ንጹሕ ጥጥ ከግማሽ ኪሎ ግራም እምብዛም አይበልጥም ነበር። በዚህ ሒሳብ ጥጥ ዘርቶ የሚያተርፍ አልነበረም።

በ1793 ኤሊ ዊትኒ የተባሉ የሰሜን ተወላጅ ወጣት በጆርጂያ ግዛት፣ ከሳቫና ከተማ አቅራቢያ በሚገኘው የመልበሪ ግሮቭ እርሻ ተቀምጠው ሳለ ለዚህ ችግር መላ አበጁ። መሣሪያው ቀላል ነበር። የሽቦ ጥርስ ያለው ሽክርክሪት ጥጡን እየሳበ በጠባብ ሽንቁሮች ያሳልፈዋል፤ ፍሬው በሽንቁሩ ስለማያልፍ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ብሩሽ የተገጠመለት ሌላ ሽክርክሪት ደግሞ የጸዳውን ጥጥ ከጥርሱ ላይ ያራግፋል። በእጅ በሚዞረው በዚህ መዳመጫ አንድ ሰው በቀን እስከ 22 ኪሎ ግራም ድረስ ማጽዳት ቻለ። ዊትኒ በ1794 የፈጠራ መብታቸውን ቢያስመዘግቡም፣ መሣሪያውን እጁ የተፍታታ አንጥረኛ ሁሉ አይቶ ሊሠራው ይችል ስለነበር፣ ከመዳመጫው ያገኙት ጥቅም ትንሽ ነበር። የከበሩበት ሌሎች ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ለይተን ካልገለጽን በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ድካም የሚያቀል መሣሪያ ሲመጣ የባሪያ ጉልበት ፍላጎት ይቀንሳል ብሎ የሚገምት ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። የሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። መዳመጡ ሲቀል ማነቆው ወደ ማሳው ተሻገረ። የሚኮተኩትና የሚለቅም እጅ በብዛት ተፈለገ፤ ያ እጅ ደግሞ በገንዘብ የተገዛ ሰው እጅ ነበር። አሜሪካን በ1861 ወደ እርስ በርስ ጦርነት የመራው ጠብ ብዙ ቅርንጫፍ ቢኖረውም ግንዱ እዚህ ላይ ነው። ባርነት ከአሮጌው ዘመን ተርፎ የቀረ ልማድ ብቻ አልነበረም፤ በአዲስ ሰብልና በዓለም ገበያ ታድሶ፣ በየጊዜው አዲስ መሬት የሚሻ ሥርዓት ሆኖ ነበር።

ይከስማል የተባለው ሥርዓት

አሜሪካ ከእንግሊዝ አገዛዝ በተላቀቀች ማግስት ባርነት ቀስ በቀስ ይከስማል ብለው ያሰቡ መሪዎች ጥቂት አልነበሩም። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ትንባሆ መሬቱን አሟጦት ነበር። የሰሜን ግዛቶች አንድ በአንድ ባርነትን የሚያስቀሩ ሕጎች አወጡ። በ1787 የወጣው ድንጋጌ ከኦሃዮ ወንዝ በስተሰሜን ባለው አዲስ ምድር ባርነትን ከለከለ። በዚያው ዓመት የተረቀቀው ሕገ መንግሥት ግን ጉዳዩን በጎን አለፈው። «ባሪያ» የሚለውን ቃል ሳይጠቅስ፣ የግዛቶች የምክር ቤት መቀመጫ ሲሰላ አምስት ባሮች እንደ ሦስት ሰው እንዲቆጠሩ አደረገ። ባሮቹ አይመርጡም፤ ቁጥራቸው ግን ለጌቶቻቸው መቀመጫ ይጨምራል። ሰው ከውጭ አምጥቶ መሸጥን እስከ 1808 ድረስ መከልከል እንደማይቻልም ደነገገ፤ ያ ዓመት እንደገባ ኮንግረሱ ንግዱን አገደ።

በ1790 በተደረገው የመጀመሪያው ሕዝብ ቆጠራ በባርነት የተያዙት ሰዎች ወደ 700,000 ይጠጉ ነበር። በ1860 ቁጥራቸው 4 ሚሊዮን ደረሰ። የጥጡ ምርት በ1790 ወደ 3,000 ቦንዳ ገደማ ነበር፤ በጦርነቱ ዋዜማ 4 ሚሊዮን ቦንዳ አካባቢ ሆነ። አንዱ ቦንዳ በግምት ሁለት ኩንታል ይመዝናል። ሁለቱ ቁጥሮች አብረው ማደጋቸው አጋጣሚ አይደለም።

ማሳው

ለጥጥ የሚሆነው ለም መሬት በጆርጂያ፣ በአላባማ፣ በሚሲሲፒና በሉዊዚያና ነበር። አብዛኛው የቸሮኪ፣ የክሪክ፣ የቾክታውና የቺካሶ ሕዝቦች ርስት ነው። በ1830 በፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን ዘመን የወጣው ሕግ እነዚህን ነባር ሕዝቦች ከሚሲሲፒ ወንዝ ማዶ እንዲሰደዱ መንገድ ጠረገ፤ በ1838 እና 1839 በወታደር ታጅበው የተነዱት ቸሮኪዎች በሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቻቸውን በመንገድ ላይ ቀብረዋል። ባዶ የቀረው መሬት በፍጥነት ለጥጥ ተሸነሸነ።

ሠራተኛው የመጣው ከድሮዎቹ የትንባሆ አገሮች ነው። ከውጭ ማስገባት ስለተከለከለ የአገር ውስጥ የሰው ገበያ ደራ። ከ1790 እስከ 1860 ባለው ጊዜ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከላይኛው ደቡብ ወደ ታችኛው ደቡብ እንደተወሰዱ የታሪክ ተመራማሪዎች ይገምታሉ። ከፊሎቹ በሰንሰለት ተያይዘው በእግራቸው ሳምንታት ተጓዙ፤ ከፊሎቹ በመርከብ ወደ ኒው ኦርሊንስ ገበያ ተጫኑ። በባርነት ያሉ ሰዎችን ጋብቻ ሕግ ስለማያውቀው ባልን ከሚስት፣ እናትን ከልጅ ለይቶ መሸጥ በአብዛኛው ወንጀል አልነበረም። የሰው ዋጋም የጥጥን ዋጋ ተከትሎ ይወጣና ይወርድ ነበር። በ1850ዎቹ መጨረሻ ጥጥ ሲወደድ በኒው ኦርሊንስ ለአንድ ጎልማሳ ወንድ ከ1,500 ዶላር በላይ ይጠየቅ ነበር።

የማሳውን ሕይወት በዝርዝር ከጻፉት አንዱ ሰለሞን ኖርዝአፕ ናቸው። በኒው ዮርክ ግዛት ነጻ ሆነው የተወለዱ፣ ባለ ትዳርና የልጆች አባት ሲሆኑ በ1841 በተንኮል ተይዘው ወደ ሉዊዚያና ተሸጡ፤ የተፈቱት በ1853 ነው። እንደ እርሳቸው ምስክርነት ጥጡ በፀደይ ወራት ይዘራል፤ እስከ ሐምሌ ድረስ ደጋግሞ ይኮተኮታል፤ ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ ይለቀማል፤ ለቀማውም እስከ ጥር ይዘልቃል። ለአንድ ለቃሚ የተለመደው የቀን ድርሻ 90 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር። ማታ ሁሉም ቅርጫቱን ይዞ ወደ መዳመጫው ቤት ሲሄድ ልቡ በፍርሃት ይርዳል። የጎደለበት ይገረፋል። አስበልጦ ያመጣም ከሥጋት አያመልጥም፤ ነገ የሚጠበቅበት መጠን ከዛሬው ይጨምራልና። ከሚዛኑ በኋላም ሥራ አያልቅም፤ እንስሳት ይመገባሉ፣ እንጨት ይፈለጣል፣ የነገ ምሳ ይዘጋጃል።

አርሶ አደር አንባቢ የሚረዳው ሌላም ነገር አለ። ያለ ሰብል ፈረቃ ጥጥ በጥጥ ላይ ሲዘራበት የኖረ መሬት ይደክማል። ባለ እርሻዎቹም መሬቱን ከመንከባከብ ይልቅ ባሮቻቸውን ነድተው ወደ ምዕራብ መሄድን መረጡ። ስለዚህ ለእነርሱ የአዲስ መሬት ጥያቄ የመኖርና ያለመኖር ጥያቄ ሆነ።

ከጥጡ የተቋደሱት

የጥጡን ትርፍ ለደቡብ ብቻ መስጠት ግን ፍትሐዊ አይሆንም። በማሳቹሴትስ የሎዌል ፋብሪካዎች የሚፈትሉት የደቡብን ጥጥ ነበር። የኒው ዮርክ ነጋዴዎች ያበድራሉ፣ ይጭናሉ፣ ኢንሹራንስ ይገባሉ። ከሁሉም በላይ የእንግሊዝ የላንክሻየር ፋብሪካዎች ከሚፈልጉት ጥጥ ከአራት እጅ ሦስት ያላነሰው በሊቨርፑል ወደብ በኩል ከአሜሪካ ይገባላቸው ነበር። በ1860 ከአሜሪካ የወጪ ንግድ ገቢ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከጥጥ የተገኘ ነው።

ያ ጥጥ ወደ እኛም ቀጣና ደርሷል። በሰሜን አሜሪካ ፋብሪካዎች የሚሸመነው ያልነጣ ጠንካራ ጨርቅ በዛንዚባርና በሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ ወደቦች «መሪካኒ» እየተባለ ይቸበቸብ ነበር፤ በምጽዋ በኩልም ወደ ኢትዮጵያ ይገባ ነበር። በእኛ ገበያ አቡጀዲ የሚባለው ጨርቅ የዚያ ወገን ነው። ገዢው የጥጡን ለቃሚ አያውቅም፣ ለቃሚውም ገዢውን።

በ1860 በባርነት የነበሩት 4 ሚሊዮን ሰዎች በጌቶቻቸው ሒሳብ መዝገብ ላይ ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት «ንብረት» ነበሩ። ይህም በመላ አገሪቱ በባቡር ሐዲድና በፋብሪካ ላይ ከዋለው ገንዘብ የበለጠ ነው። ባሪያ የነበረው ከአራት የደቡብ ነጭ ቤተሰቦች የአንዱ ያህል ብቻ ሲሆን፣ ብዙ ባሮች የነበሯቸው ደግሞ እጅግ ጥቂቶች ናቸው። ቢሆንም መሬቱን፣ ፍርድ ቤቱንና የግዛት ምክር ቤቶችን የያዙት እነዚያ ጥቂቶች ነበሩ። በደቡብ ካሮላይናና በሚሲሲፒ ከሕዝቡ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በባርነት የተያዘ በመሆኑ የአመፅ ፍርሃት ከባሪያ አሳዳሪው ቤት አይጠፋም ነበር። በ1831 በቨርጂኒያ ናት ተርነር የመሩት አመፅ ከተደመሰሰ በኋላ የባሪያን ልጅ ማንበብ ማስተማር የሚከለክሉ ሕጎች ጠበቁ።

የሚዛኑ ፖለቲካ

ሰሜኑ በሕዝብ ብዛት ስለበለጠ በተወካዮች ምክር ቤት የበላይ ሆነ። ደቡቡ የሚተማመነው ለእያንዳንዱ ግዛት ሁለት መቀመጫ በሚሰጠው በሴኔቱ ነበር። በ1819 ባርነትን የሚፈቅዱት 11፣ የሚከለክሉት 11 ግዛቶች ነበሩ። ሚዙሪ ባርነትን ይዛ ልግባ ስትል ሚዛኑ ተናጋ። በ1820 በተደረሰው ስምምነት ሚዙሪ ባርነትን ይዛ፣ ሜይን ደግሞ ነጻ ሆና ገቡ፤ ከሉዊዚያና ግዢ በተገኘው ምድር ላይ ከሚዙሪ በቀር ከ36 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ ኬክሮስ በላይ ባርነት እንዳይኖር መስመር ተሰመረ።

መስመሩ ለ30 ዓመታት ያህል ሰላም ገዛ። ሰላሙ ግን ዝምታም ጭምር ነበር። ከ1836 እስከ 1844 የተወካዮች ምክር ቤት ስለ ባርነት የሚቀርብለትን የዜጎች አቤቱታ ሳያይ ወደ ጎን እንዲተው የሚያዝ ደንብ ነበረው። በዚህም ባሮች ያልሆኑት የሰሜን ሰዎች ባርነት የእነርሱንም አንደበት እንደሚይዝ ተገነዘቡ።

አሜሪካ ከሜክሲኮ ጋር ከ1846 እስከ 1848 ተዋግታ ሰፊ ምድር ስትይዝ ጥያቄው እንደገና ተነሣ፤ በአዲሱ መሬት ላይ ባርነት ይግባ ወይስ አይግባ? በ1850 ካሊፎርኒያ ነጻ ግዛት ሆና ገባች፤ ለደቡቡ ማካካሻ ይሆን ዘንድ ደግሞ ያመለጡ ባሮችን የሚያስመልስ ብርቱ ሕግ ወጣ። ይህ ሕግ ከሌሎቹ ይልቅ ትኩረት የሚሻ ነው። ተጠርጣሪው በራሱ ጉዳይ ቃሉን እንዲሰጥ አይፈቀድለትም፤ የዳኝነት ሸንጎም አይሰየምለትም። ጉዳዩን የሚያየው ሹም ሰውየውን ለባለቤት ነኝ ባይ ካስረከበው 10 ዶላር፣ ነጻ ካለው 5 ዶላር ይከፈለዋል። ተራው የሰሜን ነዋሪም አሳድዶ በመያዙ ሥራ እንዲተባበር ግዴታ ተጣለበት። በ1854 አንቶኒ በርንስ የተባሉ አምላጭ በቦስተን ከተማ መሐል በወታደሮች ታጅበው ወደ መርከቡ ሲወሰዱ ሕዝቡ በጎዳናው ግራና ቀኝ ቆሞ አየ። እስከዚያ ቀን «የደቡብ ጉዳይ» ሲሉት የነበረው ነገር ደጃቸው ደረሰ። ከባርነት አምልጠው የመጡት ፍሬድሪክ ዳግላስ በንግግራቸውና በጋዜጣቸው፣ ሐሪየት ተብማን ደግሞ እየተመለሱ ሌሎችን በሌሊት በማውጣት ትግሉን መሩ። ሐሪየት ቢቸር ስቶው በ1852 ያሳተሙት «የአጎቴ ቶም ጎጆ» በአንድ ዓመት ውስጥ በአሜሪካ ብቻ 300,000 ቅጂ ተሸጠ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በፍጥነት ተበላሸ። በ1854 የሚዙሪ መስመር ተሽሮ ካንሳስና ነብራስካ በነዋሪዎቻቸው ድምፅ እንዲወስኑ ሲባል ከሁለቱም ወገን የታጠቁ ሰዎች ወደ ካንሳስ ጎርፈው ተጋደሉ። የሪፐብሊካን ፓርቲ የተመሠረተው በዚያው ዓመት ነው። በ1856 የማሳቹሴትሱ ሴናተር ቻርልስ ሰምነር ባርነትን በንግግር በመንቀፋቸው በሴኔቱ አዳራሽ ውስጥ፣ በተቀመጡበት፣ የደቡብ ካሮላይናው ተወካይ ፕሬስተን ብሩክስ በከዘራ ቀጠቀጧቸው። በ1857 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በድሬድ ስኮት ጉዳይ ጥቁሮች የአሜሪካ ዜጋ ሊሆኑ እንደማይችሉ፣ ኮንግረሱም በአዳዲስ ግዛቶች ባርነትን ለመከልከል ሥልጣን እንደሌለው ፈረደ። በ1859 ጆን ብራውን ባሮችን ለማስታጠቅ የሃርፐርስ ፌሪን የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ወረሩ፤ ተይዘውም ተሰቀሉ።

«ጠቡ የቀረጥ ነበር» ለሚሉት

የጦርነቱ መንሥኤ ባርነት ሳይሆን ቀረጥ ወይም የግዛቶች መብት ነው የሚል ክርክር ዛሬም ይሰማል። ቀረጥ ጠብ አላነሣም አይባልም። ሰሜኑ ፋብሪካውን ለመከላከል በውጭ ዕቃ ላይ ከፍ ያለ ቀረጥ ይፈልግ ነበር፤ ጥጥ ሽጦ ዕቃ ከውጭ የሚገዛው ደቡብ ዝቅተኛውን ይመርጣል። በ1832 ደቡብ ካሮላይና የፌዴራሉን የቀረጥ ሕግ በግዛቴ አይሠራም ብላ እስከ መፎከር ደርሳ ነበር። ያ ግን በ1833 በድርድር በረደ፤ በ1857ም ቀረጡ ይበልጥ ዝቅ ተደረገ። ከፍተኛው ቀረጥ የጸደቀው በመጋቢት 1861 ነው፤ ሰባት ግዛቶች ከተገነጠሉ በኋላ ማለት ነው። የግዛት መብት የሚለውም ቢሆን፣ የሰሜን ግዛቶች አምላጮችን አናስረክብም ሲሉ በፌዴራል ኃይል ይገደዱ ብለው የጠየቁት እነዚያው የደቡብ መሪዎች ነበሩ።

ተገንጣዮቹ ራሳቸው የጻፉትን ማንበብ ይበጃል። ሚሲሲፒ ባወጣችው መግለጫ አቋሟ ከባርነት ጋር የተሳሰረ መሆኑን በመጀመሪያዎቹ መስመሮች አስፍራለች። የተገንጣዮቹ ምክትል ፕሬዚዳንት አሌክሳንደር ስቲቨንስ በመጋቢት 1861 በሳቫና ባደረጉት ንግግር የአዲሱ መንግሥት የማዕዘን ድንጋይ የጥቁርና የነጭ እኩል አለመሆን እንደሆነ በይፋ ተናግረዋል።

ንጉሡ ጥጥ በጦር ሜዳ

አብርሃም ሊንከን በኅዳር 1860 ሲመረጡ ያገኙት ከመራጩ ድምፅ 40 በመቶ የማይሞላ ነበር፤ በአብዛኞቹ የደቡብ ግዛቶች ስማቸው ለምርጫ እንኳ አልቀረበም። ባርነትን ባለበት እንደማይነኩ፣ ነገር ግን እንዳይስፋፋ እንደሚያግዱ ተናግረው ነበር። ለጥጡ ጌቶች ይህም በቂ ነበር፤ አዲስ መሬት ያላገኘ ባርነት በቦታው እንደሚታፈን እነርሱም ያምናሉ። ደቡብ ካሮላይና በታኅሣሥ 20 ቀን 1860 ተገነጠለች፤ በኋላም ተገንጣዮቹ 11 ሆኑ። በሚያዝያ 12 ቀን 1861 በፎርት ሰምተር ምሽግ ላይ መድፍ ተተኮሰ።

የደቡብ መሪዎች የተማመኑበትን ሴናተር ጄምስ ሃሞንድ በ1858 በሴኔት ፊት በአጭሩ አስቀምጠውት ነበር፤ «ጥጥ ንጉሥ ነው»። ደቡብ ለሦስት ዓመት ጥጥ ባያቀርብ እንግሊዝ ትወድቃለች የሚል ነበር ሒሳባቸው። ስለዚህ እንግሊዝ ተገዳ ትረዳናለች ብለው በጦርነቱ መጀመሪያ ጥጣቸውን ከመላክ ራሳቸው ታቀቡ፤ የሰሜን የባሕር ኃይልም ወደቦቻቸውን ዘጋ። ሒሳቡ ግን ፈረሰ። ካለፉት ጥሩ የምርት ዓመታት የተረፈ ጥጥ በእንግሊዝ መጋዘኖች ተከማችቶ ነበር። ኋላ እጥረቱ ሲብስ የላንክሻየር ሠራተኞች በመቶ ሺዎች ሥራ ፈትተው ተራቡ፤ የእንግሊዝ መንግሥት ግን ጣልቃ አልገባም። በ1862 መጨረሻ የማንቸስተር ሠራተኞች ተሰብስበው፣ በረሃባቸው መካከል፣ ለሊንከን የድጋፍ ደብዳቤ ላኩ።

ፋብሪካዎቹ ፊታቸውን ወደ ሕንድና ወደ ግብጽ አዞሩ። እዚህ ላይ ታሪኩ ወደ ኢትዮጵያ ይታጠፋል። ግብጽ በጦርነቱ ዓመታት ከጥጥ ያገኘችው ገቢ በእጅጉ አደገ፤ በ1863 የነገሡት ኬዲቭ ኢስማኤልም ያንን ሀብትና እርሱን ተማምነው የተበደሩትን ገንዘብ ለመስፋፋት አዋሉት። የአሜሪካ ጦርነት ሲያበቃ የጥጥ ዋጋ ወረደ፤ ዕዳው ግን ቀረ። ሥራ የፈቱ የአሜሪካ መኮንኖች፣ ከሰሜንም ከደቡብም የተዋጉ፣ በኢስማኤል ሠራዊት ተቀጠሩ። ለደቡቡ በጄኔራልነት የተዋጉት አንድ እጃቸው የተቆረጠው ዊሊያም ሎሪንግ በ1868 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) ወደ ኢትዮጵያ የዘመተው የግብጽ ጦር አዛዥ የራቲብ ፓሻ የኤታማዦር ሹም ነበሩ። ያ ጦር ጉራ ላይ በዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት ተመታ። ግብጽም ከጉራ ሽንፈት በኋላ አንድ ወር ያህል ቆይታ ዕዳዋን መክፈል እንዳልቻለች አስታወቀች።

ከነጻነት በኋላ

ባርነትን ያፈረሱት አዋጆች ብቻ አልነበሩም። የሰሜን ጦር ወደ ደቡብ ሲገባ ባሮች እርሻውን ጥለው በመቶ ሺዎች ወደ ጦር ሰፈሮቹ ኮበለሉ። ሊንከን ጥር 1 ቀን 1863 ባወጡት አዋጅ በአመፀኞቹ ግዛቶች ያሉትን ነጻ አወጁ፤ ወደ 180,000 የሚጠጉ ጥቁሮችም በሰሜኑ ጦር ተሰልፈው ተዋጉ። ጦርነቱ በ1865 ሲያበቃ በተለመደው ስሌት 620,000 ያህል ወታደሮች ሞተዋል። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የጸናው 13ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በመላ አገሪቱ ባርነትን ሻረ።

ነጻ የወጡት ሰዎች የመጀመሪያ ጥያቄ መሬት ነበር። ጄኔራል ዊሊያም ሸርማን በጥር 1865 በደቡብ ካሮላይናና በጆርጂያ ባሕር ዳርቻ ለየቤተሰቡ እስከ 40 ኤከር፣ ማለትም 16 ሄክታር ያህል፣ እንዲከፋፈል አዝዘው ብዙዎች ሰፍረው ነበር። ሊንከን ከተገደሉ በኋላ ሥልጣን የያዙት አንድሩ ጆንሰን ግን አብዛኛውን መሬት ለቀድሞዎቹ ጌቶች መለሱት። መሬት ያላገኘው በእኩል ወይም በሲሶ ወደ ማረስ ገባ። ዘሩን፣ በቅሎውን፣ የቤተሰቡን ቀለብ ከባለ መሬቱ ወይም ከሱቅ በዱቤ ይወስዳል፤ መያዣው ገና ያልደረሰው ሰብል ነው። አበዳሪው ደግሞ የሚቀበለው ጥጥን እንጂ በቆሎን አይደለም፤ ጥጥ ሁልጊዜ ገዢ አለውና። ስለዚህ ገበሬው ለሆዱ የሚሆነውን ትቶ ጥጥ ይዘራል፤ ሁሉም ጥጥ ሲዘራ ዋጋው ይወርዳል። በ1870ዎቹ መጨረሻ የደቡብ ጥጥ ምርት ከጦርነቱ በፊት ከነበረው በልጦ ነበር። በታኅሣሥ፣ ጥጡ ተመዝኖ ሒሳቡ ሲተሳሰብ ግን መዝገቡን የሚይዘው ባለ ሱቁ ነው፤ አራሹ ብዙ ጊዜ ማንበብ አይችልም፤ የቀረበትንም ዕዳ ለሚቀጥለው ዓመት አሳድሮ ወደዚያው ማሳ ይመለሳል።